ልብ አንጠልጣይ ፊልም በዲስክና በዲጂታል ሲወጣ፦ ምስጢሩን ሳያፈስሱ የማዘጋጀት መመሪያ

ልብ አንጠልጣይ ድራማ ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ ሳሎን ሲገባ ጨለማውንና ዝምታውን ያጣል። አዳራሽ ውስጥ መብራት ጠፍቶ፣ በር ተዘግቶ የታየ ፊልም ቤት ውስጥ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ሰው እየገባና እየወጣ፣ ሪሞቱ እጅ ላይ ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ ፊልም ሠሪው ሥልጣን የለውም። ሥልጣን ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ ሜኑው፣ የምዕራፉ ስም፣ ሰብታይትሉና ሽፋኑ ታሪኩን ቀድመው እንዳያወሩ ማድረግ ይችላል። የሚገርመው ግን ምስጢሩን በሰው ወሬ ሳይሆን በገዛ ሽፋኑ የሚያጋልጥ ፊልም ሞልቷል።

መመሪያው ቅንብሩን ጨርሶ ለቤት ተመልካች ለማውጣት ለተነሳ ፕሮዲዩሰር፣ አዘጋጅ ወይም የቅንብር ባለሙያ ነው። አብዛኛው ነገር ለሌላ ዘውግም ይሠራል። ጊዜዎን የት የት ላይ ቢያጠፉ እንደሚሻል የምነግርዎ ግን ጨለማና ምስጢር ያለበትን ፊልም አስቤ ነው።

1. የምስጢር ወረቀት ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ምስጢሩ ምን እንደሆነ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገለጥ፣ ከዚያ በፊት የትኛው ምስል፣ ስም ወይም ድምፅ ሊያጋልጠው እንደሚችል ይጻፉ። ለዚህ መመሪያ እንዲመቸን አንድ የፈጠራ ፊልም እንያዝ። ርዝመቱ 110 ደቂቃ ነው። አንዲትን ሴት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሌሊት ሌሊት እየደወለ ያስፈራራታል፤ በ84ኛው ደቂቃ ደዋይዋ የገዛ እህቷ ሆና ትገኛለች። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የእህትዬዋ መኝታ ክፍል፣ ስልኩን የያዘው እጅ፣ ደዋይዋ የምታፏጨው ዜማና «እህት» የሚለው ቃል ራሱ ይሰፍራሉ።

ወረቀቱን ለሽፋን ሠሪው፣ ለሰብታይትል ተርጓሚው፣ ለሜኑ ሠሪውና የሽያጭ መግለጫ ለሚጽፈው ሰው ያድርሱ። ከእነዚህ ሰዎች ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየ ላይኖር ይችላል። ሽፋን ሠሪ «ደስ የሚል ምስል» ብሎ የሚያነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው 20 ደቂቃ ነው፤ መብራቱም ትወናውም የሚበረታው እዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም።

2. መብትዎን ይመርምሩ

ፊልሙ በፌስቲቫል መታየቱ ወይም አዳራሽ መግባቱ ለቤት ቪዲዮ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሙዚቃ ላይ ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ የግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ሌላ። ሁለቱ በተለያዩ ሰዎች እጅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፈቃዱም ከሁለቱም ወገን ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ደዋይዋ የምታፏጨው ዜማ የታወቀ ዘፈን ከሆነ፣ ቅጂውን ስላልተጠቀሙ የቅጂው ባለቤት አይጠይቅዎትም፤ የዜማው ባለቤት ግን ይጠይቃል። ፉጨት ነው ብሎ ማለፍ አይሆንም።

ውሉ ላይ «በማንኛውም የማሰራጫ ዘዴ፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚል ሐረግ ካለ ተገላገሉ። «ለፌስቲቫል» ብቻ የሚል ከሆነ ወይ ፈቃዱን ያስፉ፣ ወይ ዘፈኑን አሁኑኑ ይቀይሩ። ማስተሩ (ቅጂው ሁሉ የሚወጣበት የመጨረሻው ፋይል) ካለቀ በኋላ ዘፈን መቀየር ድምፁን፣ ሰብታይትሉንና የዲስኩን ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ያሠራል። የተዋንያን ውል፣ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ቪዲዮ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል፣ ከጀርባ በተከፈተ ቴሌቪዥን የሚታይ ፕሮግራም በዚሁ ዙር ይፈተሹ።

3. በምን እንደሚያወጡ ይወስኑ

ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን ገበያ ላይ ዋለ፤ ብሉሬይ በ2006፣ ባለ 4ኬ ብሉሬይ በ2016 ተከተሉ። ሦስቱም ዛሬም ይወጣሉ። ዲቪዲ 720 በ576 ወይም 720 በ480 ፒክስል፣ ብሉሬይ 1920 በ1080፣ 4ኬው 3840 በ2160 ይይዛል። ለኔ ግን ከፒክስሉ ቁጥር ይልቅ ወሳኙ ጨለማውን እንዴት እንደሚይዙት ነው። ዲቪዲ የሚጠቀመው ኤምፔግ-2 የተባለ የቆየ የመጭመቂያ ዘዴ ነው፤ ጥቁር ቦታ ላይ ቶሎ ይሰባበራል። አቅምዎ አንድ ዲስክ ብቻ የሚፈቅድና ፊልምዎ ሌሊት የሚበዛበት ከሆነ ብሉሬይን ይምረጡ። ተመልካችዎ ቤት ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ ዲቪዲውን በጥንቃቄ መሥራት ነው። ዲጂታሉ በሁለቱም በኩል አብሮ ይሄዳል።

4. ጨለማውን ለቤት እንደገና ይለኩ

ለአዳራሽ የተሠራው ዲሲፒ (የሲኒማ ማሳያ ዲጂታል ፋይል) እንዳለ የቤት ማስተር አይሆንም። ዲሲፒ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ሸራ ላይ 48 ኒት ብሩህነት ታስቦ የተለካ ነው፤ ኒት የብሩህነት መለኪያ ነው። የቤት መደበኛ ምስል ደግሞ በ100 ኒት፣ ሬክ 709 በሚባለው የቀለም ክልል ይለካል። ስለዚህ የቀለም ባለሙያው ለቤት የተለየ ዙር መሥራት አለበት። ዋናው ሥራው ምስሉን ማብራት አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ መታየት ያለበትን ነገር ለይቶ ከፍ ማድረግ ነው። እህትዬዋ በ31ኛው ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ እንደ ጥላ ታልፋለች እንበል። ፊልሙን ሁለተኛ የሚያይ ሰው ያንን ጥላ ማግኘት አለበት፤ ቀን ላይ በሳሎን ቴሌቪዥን ጭራሽ ካልታየ ፍንጩ የለም ማለት ነው።

ከዚያ የደረጃ ስህተት አለ። መደበኛ የቪዲዮ ምልክት ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255 ይጠቀማል። አንዱ ሶፍትዌር የሌላውን ደረጃ ከተሳሳተ ጥቁሩ ወይ ግራጫ ጉም ይሆናል፣ ወይ ተደፍኖ የተዋናዩን ፊት ይውጣል። ፋይሉ ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላ በተላለፈ ቁጥር አንድ የታወቀ ጨለማ ፍሬም መርጠው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ችግር ቀለበት ነው። ባትሪ ግድግዳ ላይ ሲበራ ብርሃኑ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ መደብዘዝ ሲገባው፣ ካርታ ላይ እንደሚታዩ የከፍታ መስመሮች ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ዲቪዲና ተራው ብሉሬይ በ8 ቢት መሥራታቸው ነው፤ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ደረጃ 220 ብቻ ሲሆን የጨለማው ጥግ ከዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። መፍትሔው በ10 ቢት ወይም ከዚያ በላይ ሠርቶ፣ ወደ 8 ቢት ሲወርድ ስስ የሆነ የፊልም ቅንጣት ማልበስ ነው። ቅንጣቱ የደረጃውን ድንበር ይሰብረዋል። «ምስሉ ይጥራ» ብሎ ቅንጣት የሚያጠፋ ማጣሪያ የሚያስገባ ሰው ካለ ያስቁሙት፤ በልብ አንጠልጣይ ፊልም ላይ ያ ማጣሪያ ጉዳት እንጂ ጥቅም አላየሁበትም።

4ኬ በኤችዲአር (ከመደበኛው በሰፋ የብሩህነት ክልል) የሚያወጡ ከሆነ ሌላ የቀለም ዙር ይጨመራል። 10 ቢት ስለሆነ ቀለበቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በምትኩ ድንገት የሚበራ አምፖል ዓይን እንዳይወጋ መጠንቀቅ ይመጣል።

5. የፍሬም ፍጥነቱን አንድ ያድርጉ

አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ወይም 23.976 ፍሬም ይቀረጻል። ብሉሬይ ሁለቱንም እንዳሉ ይቀበላል። ዲቪዲ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲወጣ ግን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚጠይቅ፣ የተለመደው አሠራር ፊልሙን 4 በመቶ ገደማ ማፍጠን ነው፤ 110 ደቂቃው 105 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል። ድምፁ አብሮ ሲፈጥን ይቀጥናል፤ የሚያስፈራራው ወፍራም ድምፅ እንዳይቀጥን ቃናውን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

ሰው የማያስተውለው በ24 እና በ23.976 መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከሺህ አንድ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። በ24 የተሠራ ሰብታይትል በ23.976 ፊልም ላይ ቢጫን ግን በ84ኛው ደቂቃ 5 ሰከንድ ቀድሞ ይመጣል። «እህቴ!» የሚለው ጽሑፍ በሩ ሳይከፈት ታየ ማለት ነው።

6. ድምፁን ለትንሽ ክፍል ያስተካክሉ

የአዳራሽ ድምፅ ለትልቅ ቦታና ለከፍተኛ መጠን የተቀላቀለ ነው። ቤት ውስጥ ማንም በዚያ መጠን አይሰማም። ውጤቱን ያውቁታል፤ ሹክሹክታው ስለማይሰማ ሪሞት ይነሳና ድምፅ ይጨመራል፣ ወዲያው በሩ በርግዶ ሲከፈት ጎረቤት ይነቃል። ድምፅ ባለሙያው በትንሽ ክፍል፣ በቅርብ ስፒከር ሌላ ቅልቅል ቢሠራ መልካም ነው። የፀጥታውና የጩኸቱ ልዩነት ይጥበብ፤ ግን አይጥፋ። ሁሉንም እኩል ካደረጉት የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር ግን ሳይፈተሽ አይታለፍ። በ5.1 ድምፅ ውስጥ .1 የምትባለው ቻናል የወፍራም ድምፅ ብቻ ናት፤ ያ ሆድ የሚያንቀጠቅጠው ጉምጉምታ የሚቀመጠው እዚያ ነው። 5.1 ወደ ተራ ስቴሪዮ ሲጨመቅ ብዙ ማጫወቻዎች ይህችን ቻናል ጭራሽ ይጥሏታል። ስፒከሩ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ብቻ የሆነ ተመልካች ድባቡን አያገኘውም። ስለዚህ ውጥረት የሚፈጥረው ድምፅ ቢያንስ በከፊል በዋናዎቹ ቻናሎችም ይኑር፤ ከተቻለም የተለየ የስቴሪዮ ቅልቅል ዲስኩ ላይ ይጨመር። ንግግሩን ደግሞ ርካሽ ቴሌቪዥን ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ፊልሙን ለማያውቅ ሰው ያሰሙት። ፍንጭ የያዘውን ሹክሹክታ ቃል በቃል መድገም ካልቻለ ከፍ ይበል።

ዲቪዲ ላይ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 እስከ 448 ኪሎቢት በሰከንድ ይጓዛል። ብሉሬይ ላይ ዶልቢ ትሩኤችዲ ወይም ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ምንም ሳይቀነስ ይይዘዋል። ዶልቢ ዲጂታል ሲሠራ «የንግግር መጠን» የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣውን ቁጥር አይተዉት፣ ንግግሩን ለክተው ያስገቡ። ቁጥሩ ከተሳሳተ የማጫወቻው የሌሊት ማዳመጫ ሁነታ ድንጋጤውን ይበላዋል።

7. ሰብታይትሉ አፈትላኪ እንዳይሆን

ከሁሉም በላይ ምስጢር የሚወጣው እዚህ ነው፤ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የተጻፈውን ቶሎ ያነባልና።

በሁለት የሚከፈል ንግግር ይኑር፦ «ሌሊት ሌሊት የምትደውለው… አንቺ ነሽ?» ተዋናይዋ መሃሉ ላይ ሦስት ሰከንድ ዝም ትላለች። ሰብታይትሉ ሙሉውን በአንዴ ካወጣው ያ ዝምታ ሞተ። ለሁለት ይከፈል፤ ሁለተኛው ክፍል ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ብቻ ይምጣ። ጽሑፍ ምስሉ ከመቀየሩ በፊት አይታይ፤ ከተቻለ ከአዲሱ ሾት የመጀመሪያ ፍሬም ጋር ይነሳ።

መስማት ለተሳናቸው በሚዘጋጀው ሰብታይትል ላይ የተናጋሪው ስም በቅንፍ ይጻፋል። ስልክ ውስጥ ያለውን ድምፅ በባለቤቱ ስም የጻፈ ሰው ፊልሙን በ10ኛው ደቂቃ ጨረሰው። «ደዋይ» ወይም «የስልክ ድምፅ» ይባል፤ ስሙ ከ84ኛው ደቂቃ በኋላ ይጻፍ። የድምፅ መግለጫም እንዲሁ ነው፤ «የሽጉጥ ቃታ ሲሳብ» ብሎ ቀድሞ መንገር ሰሚው ተመልካች ገና ያልለየውን ለሌላው ማውጣት ነው። ድምፁ ለሰሚው ግልጽ የሆነውን ያህል ይጻፍ፤ «የብረት ድምፅ» ከሆነ የብረት ድምፅ።

ፊልሙ በሌላ ቋንቋ ሆኖ ወደ አማርኛ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ ግሡ ፆታ ይናገራል። «ደወለች» ያለ ተርጓሚ ግማሹን ምስጢር ሰጠ። ባለታሪኳ ራሷ የምታምነውን ይከተሉ፤ እሷ ወንድ ነው ብላ ከገመተች «ደወለ»፣ «አንተ» ይሁን። ካልገመተች ደግሞ «ተደወለ»፣ «ስልክ መጣ» እያሉ መሸሽ ይቻላል። መጨረሻውን የሚያውቅ ተርጓሚ ሳያስበው «አንቺ» ብሎ ማምለጡ ያለ ነውና በዚህ ዓይን አንድ ሙሉ ንባብ ይደረግ።

በዲቪዲና በብሉሬይ ላይ ሰብታይትል በሥዕል መልክ ስለሚቀመጥ የግዕዝ ፊደል ማጫወቻው ላይ ፎንት አይጠይቅም። ለዲጂታል ኤስአርቲ በሚባል የጽሑፍ ፋይል የሚሰጥ ከሆነ ግን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል።

8. የቦታውን ሒሳብ ይሥሩ

ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን ሳይሠራ ዲስክ አይመረጥም። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ቢሊዮን ባይት፣ ባለ ሁለቱ 8.5 ቢሊዮን ይይዛል። ባይቱን በ8 ሲያባዙ ቢት ይሆናል፤ 37.6 ቢሊዮንና 68 ቢሊዮን። ፊልማችን 110 ደቂቃ፣ ማለትም 6,600 ሰከንድ ነው። 5.1 ድምፅ (0.448 ሜጋቢት) እና የአዘጋጁ አስተያየት በስቴሪዮ (0.192) አለው፤ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ቪዲዮ በ4.5 ሜጋቢት ይገባበታል። ተጨማሪው ብቻውን 10.8 ቢሊዮን ቢት ይወስዳል። ከጠቅላላው 5 በመቶ መጠባበቂያ ይተዉ።

በአንድ ንብርብር ለፊልሙ ምስል የሚተርፈው በሰከንድ 3.1 ሜጋቢት ገደማ ነው። ለጨለማ ፊልም ይህ ውርደት ነው። በሁለት ንብርብር 7.5 ይደርሳል፤ የዲቪዲ ጣሪያ 9.8 ስለሆነ ይህ በደንብ ያስኬዳል። ባለ አንድ ንብርብሩ ግድ ከሆነ ተጨማሪውን ቪዲዮ ይሠዉ እንጂ ፊልሙን አይጭመቁ። ሲጨመቅም በሁለት ዙር፣ በተለዋዋጭ መጠን ይሁን፤ ጭጋግ፣ ዝናብና ባትሪ ያለባቸው ትዕይንቶች በእጅ ተጨማሪ ድርሻ ይሰጣቸው።

ብሉሬይ ላይ ጭንቀቱ ያንሳል። ባለ 25 ጊጋባይቱ ለዚህ ፊልም ብቻ ቢውል በሰከንድ 30 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ባለ 50ው ላይ ቦታው ሳያልቅ የምስሉ ጣሪያ 40 ሜጋቢት ቀድሞ ይደረሳል።

9. ሜኑ፣ ምዕራፍና የንብርብር መሻገሪያ

ሜኑው ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ከፊልሙ የመጀመሪያ ሩብ ይወሰድ። ሙዚቃውም እንዲሁ፤ የምስጢሩ መገለጫ ዜማ በሜኑ ላይ አሥር ጊዜ ከተሰማ ቦታው ሲደርስ ጆሮ አይሰጠውም። በነገራችን ላይ ሜኑ የፊልሙን መንፈስ መያዝ ይችላል፤ ሜሜንቶ የተባለው የ2000 ፊልም በ2002 የወጣ ልዩ የዲቪዲ እትሙ ሜኑ እንደ ሥነ ልቦና ፈተና የተሠራ ነበር፣ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳየውም ቅጂ እዚያው ውስጥ ተደብቋል። ግሩም ነገር ነው፤ ግን ፊልሙን ለማስጀመር ፈተና የሚያስፈትን ሜኑ እንግዳ ይዞ ለተቀመጠ ሰው አሰልቺ ነው። «ፊልሙን ጀምር» የምትለው ቁልፍ ምንጊዜም በግልጽ ትታይ።

ምዕራፎች በቁጥር ቢጠሩ ይበቃል። ስም ካስፈለገ ቦታ ይጠራ፤ «ኮሪደሩ» ጥሩ ነው፣ «እህትየው» መጥፎ። የምዕራፉ ትንሽ ምስል ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር የሚመረጠው የትዕይንቱ የመጀመሪያ ፍሬም ስለሆነ አንድ በአንድ ይታይ። የምዕራፉ መነሻ የትዕይንቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ድንጋጤው ላይ ከዋለ ወደ ኋላ ለመመለስ የሞከረ ተመልካች ድንገት መሃሉ ላይ ይወድቃል።

ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አንዳንድ ማጫወቻ ለቅጽበት ይቆማል። ያ ቅጽበት እጇ የበር እጀታ ላይ ባለችበት ከዋለ ተመልካቹ ዲስኩ ተበላሸ ይላል። መሻገሪያው እንደፈለጉ አይቀመጥም፤ የመጀመሪያው ንብርብር ከሁለተኛው ማነስ የለበትም። በምሳሌያችን ፊልሙ ዲስኩ ላይ መጀመሪያ ከተቀመጠ መሻገሪያው በግምት ከ66ኛው እስከ 70ኛው ደቂቃ መዋል አለበት፤ ውጥረቱ የሚጋምበት ቦታ ነው። ተጨማሪውን ቪዲዮ ከፊልሙ በፊት ካስቀመጡት ግን ወደ 44ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ማታው ወደ ጠዋት የሚቆረጥበት፣ ድምፅ የሌለው ጥቁር ፍሬም ይፈልጉና ያውሉት።

10. ተጨማሪዎችን በጥንቃቄ ይደርድሩ

የተቆረጡ ትዕይንቶች፣ ከቀረጻው ጀርባ፣ የአዘጋጁ አስተያየት ሁሉም ምስጢር ይይዛሉ። ከመጀመራቸው በፊት «ፊልሙን ሳያዩ አይክፈቱ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሌላ መጨረሻ ካለዎት ብቻውን በተጨማሪዎቹ ውስጥ ያስገቡት እንጂ ፊልሙ ላይ በራሱ እንዲከተል አያድርጉ። ክሉ የተባለው የ1985 ፊልም በአዳራሽ ሲታይ ሦስት የተለያዩ መጨረሻዎች በተለያዩ አዳራሾች ነበሩት፤ ለቤት ሲወጣ ሦስቱ ተከታትለው ገቡ። እሱ አስቂኝ ስለሆነ አምሮበታል። የሚያስለቅስ ድራማ ላይ ግን ሁለት መጨረሻ ተከታትሎ ሲመጣ የትኛውም አይታመንም።

11. ሽፋኑና የሽያጭ መግለጫው

የጀርባው ጽሑፍ ከፊልሙ የመጀመሪያ 25 ደቂቃ አይለፍ። «ማንም ያልጠበቀው መጨረሻ» የሚል ሐረግም ይውጣ፤ ተመልካቹ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ መጠርጠር ይጀምራል፣ እህትዬዋንም ከሁሉ በፊት ይጠረጥራታል። የተዋንያን ስም አደራደር ራሱ ይናገራል። ሰቨን የተባለው የ1995 ፊልም የገዳዩን ተዋናይ የኬቪን ስፔሲን ስም ከመክፈቻው አውጥቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ እህት በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ታይታ የታወቀች ተዋናይ ከሆነች፣ ሽፋኑ ላይ ስሟ በትልቁ መውጣቱ ሥራዋን ያጋልጠዋል።

ዲጂታል ላይ ደግሞ የሚረሱ ነገሮች አሉ፤ የመፈለጊያ ቃላት («እህትማማች» ብሎ መጻፍ)፣ ከተዋናዩ ስም ጎን የሚጻፈው የገጸ ባሕርይ ስም፣ መድረኩ በራሱ ከፊልሙ የሚቆርጠው ምስል። የመጨረሻውን በገዛ ምርጫዎ የመተካት ዕድል ካለ ይጠቀሙበት። ለመድረኮች የሚላከው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በተባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው የቪዲዮ ዓይነት ሆኖ፣ በተቀረጸበት የፍሬም ፍጥነት፣ ያለ ቀለም መፈተሻና ያለ ማስታወቂያ ነው።

የዲቪዲ ሳጥን ወረቀት ሲዘረጋ 273 በ183 ሚሊሜትር፣ ጀርባው 14 ሚሊሜትር ነው። ሆኖም ማተሚያ ቤቱ የራሱን ቅርጽ ይስጥዎ፤ የብሉሬይ ሳጥን ያንሳል። የፊልሙ ርዝመት፣ የድምፁና የሰብታይትሉ ቋንቋዎች፣ የክልል ኮድ (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት የሚወስነው)፣ ፓል ወይም ሌላው የቴሌቪዥን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የክልል ኮድ ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ የስርጭት ውልዎ ካላስገደደ ሁሉንም ክልል ክፍት ያድርጉት።

12. የሙከራ ዲስክ

ከመብዛቱ በፊት አንድ ዲስክ ወጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትክክለኛ ፍጥነቱ ይታይ። እያዘለሉ ማየት ማየት አይደለም። አንድ ጊዜ ከነሰብታይትሉ፣ አንድ ጊዜ በአስተያየቱ ድምፅ፤ ከዚያ ሜኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ በየአቅጣጫው ይጫኑ። ያረጀ ማጫወቻ፣ አዲስ ማጫወቻና ኮምፒውተር ላይ ይሞከር። ቀን ላይ መጋረጃ ከፍተው 31ኛውን ደቂቃ ይመልከቱ፤ ጥላዋ ትታያለች?

ከዚያ ፊልሙን ጭራሽ ለማያውቅ አንድ ሰው ሳጥኑን፣ ዲስኩንና ሪሞቱን ይስጡትና ዝም ብለው ይቀመጡ። በስንተኛው ደቂቃ እንደጠረጠረና ምን እንዳስጠረጠረው ይጠይቁት። ያስጠረጠረው ፊልሙ ከሆነ ሥራዎ ነው። ሽፋኑ ወይም ሜኑው ከሆነ ወደ ቁጥር 9 እና 11 ይመለሱ።

13. ማባዛትና ማውጣት

ጥቂት ዲስክ ከሆነ በማቃጠል ይባዛል፤ ብዙ ሲሆን ከመስታወት ማስተር ተቀርጾ በፋብሪካ ይታተማል። የሚቃጠለው ዲስክ ላይ ያለው ቀለም ፀሐይና ሙቀት ይጎዳዋል፤ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻም ከፍ ያለ የቢት መጠን ሲመጣበት ይንተባተባል። ለሽያጭ ከሆነ የታተመው ይሻላል። በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣ የብሉሬይ ፊልም ኤኤሲኤስ የተባለውን ከመቅዳት መከላከያ ጥበቃ መያዝ ግድ ነው፤ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመው ያመልክቱ። የዲቪዲው ጥበቃ ግን በ1999 የተሰበረ ስለሆነ ገንዘብ አላወጣበትም ነበር።

ቀኑን በተመለከተ፣ በአዳራሽና በቤት መካከል የነበረው ክፍተት ለረጅም ጊዜ 90 ቀን ያህል ነበር፤ ከ2020 ወዲህ በብዙ ቦታ በእጅጉ አጥሯል። ምስጢር ላለው ፊልም አጭሩ ይሻላል፤ ወሬው ከዲስኩ ቀድሞ ቤት እንዳይገባ። ለግምገማ የሚሰጡ ቅጂዎች ላይ የተቀባዩ ስም በምስሉ ላይ ይቀረጽ፣ መጨረሻውን እንዳይጽፉም በደብዳቤ ይጠየቁ።

ያልተጨመቀውን ማስተር፣ የድምፁን ክፍሎች፣ የሰብታይትሉን ጽሑፍና የሽፋኑን ክፍት ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው እትም የተገኘ ስህተት ሁሉ ከነደቂቃው ተጽፎ ከፋይሎቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሁለተኛው እትም ሲታዘዝ ፋብሪካው የሚያነሳው የቀድሞውን ማስተር ስለሆነ፣ እርማቱ በአዲስ የካታሎግ ቁጥር ካልተላከለት ያንኑ ስህተት ደግሞ ያትመዋል።